የቅዳሜ ጠዋቱ ሁለተኛ መርፌ

ድመት ስኳር ይዞታል ሲባል ሰፈሩ ሁሉ ስቆ ነበር። «ታዲያ ሻዩን ያለ ስኳር ይጠጣዋ» ያለም አልጠፋ። ምን ይደረግ፣ ሰው ያላየውን ነገር መጀመሪያ ይስቅበታል፣ ኋላ ነው የሚደነግጠው። የሟቹ ዳኛ ድመት ግን የምሩን ታሞ ነበር። ድቡልቡል ስለነበረ ድቡሌ ያሉት ያ ግራጫ ድመት ሦስት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ አጥንቱ ተቆጠረ። ይበላል፣ አይጠግብም። የውሃ ሳህኑን ልሶ ያደርቅና ቧንቧው ሥር ሄዶ ቁጭ ይላል። በመጨረሻ የኋላ እግሩ ከድቶት በተረከዙ መሄድ ሲጀምር ነው ወደ እንስሳት ሐኪም የወሰዱት።

ሐኪሟ በዕድሜ ልጅ ናት፣ አነጋገሯ ግን የትልቅ ሰው ነው። «በቀን ሁለት ጊዜ፣ በአሥራ ሁለት ሰዓት ልዩነት፣ ሁለት ሁለት ዩኒት ኢንሱሊን» አለች። «መጀመሪያ ይብላ፣ ከዚያ ውጉት። አልበላም ካለ ሳትወጉ ደውሉልኝ።» ከዚያ ብዕሯን አስቀምጣ ቀጠለች። «አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። አንድ ቀን መርፌው ቢቀርበት ምንም አይሆንም። ሁለቴ ከተወጋ ግን ስኳሩ ይወርድና ሊሞት ይችላል። ተወግቷል አልተወጋም ብላችሁ ከተጠራጠራችሁ አትውጉ።»

ችግሩ፣ ቤቱ ውስጥ ደፍሮ መርፌ የሚይዝ አልነበረም። የዳኛው ባለቤት፣ ሰፈሩ እትዬ የሚላቸው፣ መነጽር አድርገውም የስሪንጁን መስመር በግምት ነው የሚያዩት። ልጃቸው ደግሞ ጥርስ ሠሪ ናት። ቀኑን ሙሉ ወርክሾፕ ውስጥ ጀሶ እያቦካች፣ ሰም እየቀረጸች፣ ፊቱን አይታው ለማታውቀው ሰው መንጋጋ ታወጣለች። ለሰው ሠራሽ ጥርስ የማይንቀጠቀጠው እጇ የድቡሌን ቆዳ ሲነካ ይርበተበታል። ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ እናቷን በአንድ ነገር አስከፍታ አታውቅም።

የደረሰላቸው የጓሮዋን ክፍል የተከራየው የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። እናቱን አምስት ዓመት ኢንሱሊን እየወጋ ያስታመመ ሰው ነው። ጠርሙሷን ሳይንጥ በሁለት መዳፉ መሃል ቀስ አድርጎ አንከባለላት፣ ሁለት ዩኒት ቀዳ፣ አየሩን አስወጣ፣ የድቡሌን የትከሻ ቆዳ ቆንጠር አድርጎ ወጋው። ድቡሌ ከሳህኑ ቀና እንኳን አላለም።

«እንዴት አድርገህ ነው?» አለች ጥርስ ሠሪዋ።

«እርስዎ ከፈሩ እሱም ይፈራል። ስለ ሌላ ነገር እያወሩት ይውጉት።»

«ስለ ምን?»

«እኔማ ስለ መንገድ መጨናነቅ ነው የማወራው» አላት። ሳቋ አመለጣት። እሱ ግን አልሳቀም፣ የመርፌውን ክዳን ፈልጎ አነሳ፤ ጆሮው ብቻ ቀላ።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እሱ፣ ማታ አንድ ሰዓት ላይ እሷ ሊወጉ ተስማሙ። እሱ በኩሽናው የጓሮ በር ሲገባ እሷ ለሥራ ወጥታለች፤ እሱ ከፈረቃው ሲመለስ እሷ ክፍሏ ገብታለች። ስለዚህ ደብተር ተገዛ። ፍሪጁ ጎን ግድግዳው ላይ በሚስማር ሰቅላ ቀን፣ ሰዓት፣ ስንት ዩኒት፣ ማን ወጋ፣ አስተያየት ብላ አሰመረችው። ሕጉ አንድ ነው፤ ደብተሩ ላይ ያልተጻፈ መርፌ አልተወጋም። እትዬ ይህን ሕግ ወደዱት። አርባ ዓመት ከዳኛ ጋር ኖረዋልና፣ በጽሑፍ የሌለ ነገር ለሳቸው የለም ማለት ነው።

ታዲያ ፍቅሩ በየት በኩል ገባ ትሉ እንደሆነ፣ በ«አስተያየት» በኩል ገባ።

መጀመሪያ «በልቷል፤ ውሃ በመጠኑ» ብቻ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት እሱ፣ «በልቷል። መስኮት ላይ ወጥቶ አንዲት ርግብ ሰደበ» ብሎ ጻፈ። እሷም ማታ፣ «ርግቧ ክስ መሥርታለች፤ ጉዳዩ በዚህ ቤት ይታያል» ብላ መለሰች። በማግሥቱ፣ «ተከሳሹ ሕመምተኛ መሆኑ በቅጣት ማቅለያነት ይያዝለት» የሚል መጣ። ጥርስ ሠሪዋ ከሥራ ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ፍሪጁ ጋ መሄድ አመጣች። እትዬ፣ «ይቺ ልጅ ለድመቱ እንዴት ታስባለች» ይሉ ነበር።

እትዬ እሁድ እሁድ ደብተሩን በአጉሊ መነጽር ስለሚመረምሩት፣ የድመት ያልሆነው ወሬ ሲበዛ መደበቂያ አስፈለገው። ፍሪጁ አናት ላይ ባዶ የስሪንጅ ካርቶን አለ፤ ቁራጭ ወረቀት እዚያ መግባት ጀመረ። ስልክ እያለ ምን ወረቀት አስፈለገ ይባል ይሆናል። ሁለቱም በስልክ «እሺ» እና «ደህና ነኝ» ብለው የሚዘጉ ሰዎች ናቸው፤ አንደበታቸው የሚፈታው ወረቀት ላይ ነው። አንድ ማክሰኞ «እርስዎ» የሚለው ቀርቶ «አንቺ» ገባ። ማንም ፈቃድ አልጠየቀም፣ ማንም አልተቆጣም። እሱ ፌርማታ ላይ ስላያቸው ሰዎች ይጽፍላታል። እሷ አዲስ ጥርሱን ለመሞከር ወርክሾፑ ድረስ መጥቶ መስተዋቱን ከተቀበለ በኋላ እንባው ስለመጣ ሽማግሌ ጻፈችለት። እሁድ ከሰዓት ድቡሌን ፀሐይ ሊያሞቁ ጓሮ ይቀመጣሉ፤ እትዬ በመስኮት ስለሚያዩአቸው የሚያወሩት ስለ ድቡሌ ሽንት ብቻ ነው። ዓይንና ዓይናቸው ሲገናኝ ግን ስለ ሽንት አልነበረም።

በአምስተኛው ወር እንዲህ የሚል ወረቀት አገኘች። «ተደብቄ መውደድ ሰለቸኝ። እናትሽን ላናግራቸው። እሺ ካልሽኝ በመጪው እሁድ አናግራቸዋለሁ፤ እምቢ ካልሽም ንገሪኝ። ዝም ብቻ አትበይኝ።»

ዝም አለችው። ስለማትወደው አይደለም፤ ወደደችው፣ ያውም እንቅልፍ እስክታጣ። ግን እናቷ ስለ ጎረቤት ልጅ ጋብቻ ሲያወሩ «ከደረጃዋ ወርዳ» ያሏት ቃል አለች። ስለ ሾፌሩም አንድ ቀን፣ «ጥሩ ልጅ ነው፣ ለሾፌር» ብለው ነበር። ይህቺን «ለሾፌር» የምትል ቃል ዋጥ አድርጋ ያዘቻት። ስለ ርግብ ጻፈች፣ ስለ ጥርስ ጻፈች፣ ለተጠየቀችው ብቻ መልስ አልጻፈችም። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ሦስት። የሱ ወረቀት እያጠረ መጣ።

* * *

ያ ቅዳሜ መጣ። የጠዋቱ ሾፌር ታሞ ኖሮ ስምሪት ክፍሉ በማለዳ የኛን ሰው ጠራው። እሱም አንድ ሰዓት ላይ የሚሰጠውን በአሥራ ሁለት ሰዓት ገባና ድቡሌን አብልቶ ወጋው። ቤቱ ተኝቷል። አውቶቡሱ ይጠብቃል። የነበረችው ጊዜ ለአንድ ጽሑፍ ብቻ ትበቃለች፤ እጁ ደግሞ በለመደው መንገድ ሄደ። ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፎ ካርቶኑ ውስጥ አስገባና ደብተሩን ሳይነካ ወጣ።

በአንድ ሰዓት እትዬ ተነሱ። ሾፌሩ የለም፣ ደብተሩ ባዶ ነው። ድቡሌስ? ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ፤ ጥግብ ብሎ ሳለ ከተወለደ እህል እንዳልቀመሰ ሆኖ እግራቸው ላይ ተጠመጠመ። ሰጡት፣ ቀመስ ቀመስ አደረገ። ልጄ ሳምንቱን ሙሉ ስትደክም ከርማለች ትተኛ ብለው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ እጃቸውን አጽንተው ራሳቸው ወጉት። በዚያ በሚያምር ጽሕፈታቸውም «1፡10፣ ሁለት ዩኒት» ብለው ፈረሙ።

ጥርስ ሠሪዋ አራት ሰዓት ላይ ኩሽና ገባች። እንደ ልማዷ መጀመሪያ እጇን ወደ ካርቶኑ ሰደደች።

«ፈረቃዬ ተለውጦ በአሥራ ሁለት ሰዓት ወግቼዋለሁ። አራተኛው ሳምንት ሊገባ ነው። መልስሽን መጠበቅ ትቻለሁ ብልሽ ውሸቴን ነው።»

ወረቀቱን አጥፋ ቀና ስትል የእናቷን ጽሕፈት ደብተሩ ላይ አየችው። አንድ ከአሥር። ሁለት ዩኒት። አንዴ አነበበችው፣ ደገመችው፣ ከዚያ ጎንበስ ብላ ጠረጴዛው ሥር አየች።

ድቡሌ በጎኑ ተኝቷል። ለሃጩ ወለሉን አርሶታል። ሊነሳ ይሞክራል፣ እግሩ አይታዘዘውም። ስሙን ጠራችው፣ ጆሮው እንኳን አልዞረም።

«እማዬ፣ ማር» አለች።

የወረደው ስኳሩ ከፍ እንዲልለት ማሩን በጣቷ እየጠቀሰች ድዱን አሸችው። እትዬ ፎጣ አመጡ፣ የቤት ቁልፍ ፈለጉ፣ አጡት፣ በእጃቸው ይዘውት ነበር። ታክሲ ውስጥ ልጅየዋ ድቡሌን ደረቷ ላይ አድርጋ በየደቂቃው ማር ስትቀባው፣ እትዬ ጅራቱን ይዘው ይጸልያሉ። ወረቀቱ ካፖርቷ ኪስ ውስጥ ነው።

ሐኪሟ ከጆሮው ጫፍ ጠብታ ደም ወስዳ ለካች፤ ፊቷ ተለወጠ። ግሉኮስ እያዘጋጀች፣ «ስንት ተሰጠው?» አለች።

«ሁለት ብቻ» አሉ እትዬ። «እኔው ነኝ የሰጠሁት። ተጽፏል።»

«አራት ነው» አለች ጥርስ ሠሪዋ። «ሁለቴ ነው የተወጋው። ሾፌሩ በአሥራ ሁለት ሰዓት ወግቶት ነበር።»

እትዬ ዞር ብለው አዩዋት። «አንቺ በምን አወቅሽ?»

ያቺ ናት ሰዓቷ። እውነቱ ኪሷ ውስጥ ነው፣ እጇን ብትሰድ ታወጣዋለች። «አሁን... በስልክ ላከልኝ» አለች። ሐኪሟ ድቡሌን ይዛ ወደ ውስጥ ስትገባ ጥርስ ሠሪዋ እናቷን ማየት አቃታትና ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የክትባት ማስታወቂያ ታነብ ጀመር። አንድም ፊደል አልገባትም።

* * *

ሾፌሩ ተደውሎለት ስምንት ሰዓት ላይ ከነዩኒፎርሙ ክሊኒኩ መጣ። ከፌርማታ እየሮጠ ነው የመጣው፤ ትንፋሹ ሳይመለስ እትዬ ፊት ቆመ።

«ደብተሩን አይቼዋለሁ» አሉት። «ባዶ ነው። ወግተህ ሳትጽፍ ነው የሄድከው?»

አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ልጅየዋ አየ። ያ ዓይን ምንም አላዘዛትም፣ ምንም አልለመናት፤ ጠበቃት እንጂ። እሷ አንገቷን ደፋች።

«አዎ እትዬ» አለ። «ደብተሩ ላይ ሳልጽፍ ነው የወጣሁት። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ሌላ የምትለው አለህ?»

«የለኝም።»

«እንግዲያው ክፍሌን ልቀቅልኝ» አሉት። ድምፃቸው አልጨመረም፣ አልቀነሰም። «እስከ ነገ ማታ። የሚያደርገውን ሳያውቅ ቤቴ ውስጥ መርፌ የሚይዝ ሰው አልፈልግም፣ ደህና ሁን።»

«እሺ እትዬ።» ባርኔጣውን አወለቀ። «ብቻ አንዴ ልየው?»

ሐኪሟ በሩን ከፈተችለት። በሩ ገርበብ ብሎ ስለቀረ ጥርስ ሠሪዋ ድምፁን ትሰማለች። ድቡሌ እግሩ ላይ ግሉኮስ ተሰክቶለት ተጋድሟል፣ ሾፌሩ ደግሞ ወንበር ስቦ ስለ መንገድ መጨናነቅ ያወራዋል። አደባባዩ ላይ አንድ የጭነት መኪና ተበላሽቶ፣ ሰዉ እንዴት እንደተቆጣ፣ አንዲት ሴትዮ ከኋላ ወንበር እንዴት መንዳት እንዳስተማረችው።

እንዲህ ያለውን ሰው ዝም ብላ አሳልፋ ሰጠችው። ራሷን ጠላች።

* * *

እሁድ ጠዋት ኩሽና ስትገባ እናቷ መስኮቱ ሥር ቆመዋል። ስሪንጅ ውስጥ ውሃ ቀድተው ወደ ብርሃኑ አንስተው ይመለከታሉ። ያፈሱታል፣ ይቀዳሉ፣ እንደገና ያያሉ።

«እማዬ፣ ምን እየሠራሽ ነው?»

«ነይ እስቲ እዪልኝ። ይሄ ሁለት ነው ወይስ አራት?»

«ሁለት ነው።»

«ትናንትም ሁለት ነው ያየሁት። ግን በዚህች ዓይን ምን መተማመኛ አለኝ?» ስሪንጁን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው እንባቸውን ጠረጉ። «ያንን ልጅ አባረርኩት። ማታ ሳስበው ግን፣ እሱ ሁለት ሰጥቶት፣ እኔ ስድስት ሰጥቼው ቢሆንስ? አባትሽ ሲሞት ይህን ድመት እግሩ ሥር ነው ያገኘሁት። አደራ ብሎኝ እኮ ነው። ይቺን እጄን በቆረጣት።»

ጥርስ ሠሪዋ እናቷ ሲያለቅሱ ያየቻቸው በአባቷ ቀብር ብቻ ነው። ያቺን ወረቀት ለራሷ ፊት ስትል ነበር የደበቀቻት፤ አሁን አንዱ ጓሮ ውስጥ ሻንጣ እያሰናዳባት ነው፣ እናቷ ደግሞ እዚህ ቆመው እጃቸውን እየረገሙ። እጇን ወደ ኪሷ ሰደደች። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ጽፎ ነበር» አለች። «የጻፈው ለኔ ነው። ደብተሩን የረሳው ለኔ ሲጽፍ ነው። በስልክ አልላከልኝም፣ ዋሽቼሻለሁ።»

እትዬ አጉሊ መነጽራቸውን አነሱ። ሦስት መስመር ናት፣ ግን ብዙ ቆዩባት። አንብበው ሲጨርሱ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«የምን መልስ ነው የሚጠብቀው?»

«አንቺን ሊያናግርሽ ነው። ስለኔ። እሺ በይኝ አለኝ፣ ሦስት ሳምንት ዝም አልኩት።»

«አትወጂውም?»

«እወደዋለሁ።»

«ታዲያ?»

«አንቺን ፈራሁ እማዬ። ከደረጃዬ የወረድኩ እንዳይመስልሽ።»

የፍሪጁ ሞተር ተነስቶ ማጉረምረም ጀመረ። እትዬ ወረቀቱን በጣታቸው ጫፍ ገፋ አደረጉት።

«ሾፌር መሆኑ ቀለለኝ ብዬ አልዋሽሽም» አሉ። «ከባድ ነው። ለአንቺ የማስበው ሌላ ነበር፣ አሁንም አልወጣልኝም። እሱን ግን ለጊዜው ተይው። ትናንት ያ ልጅ ፊቴ ቆሞ ጥፋቱን ብቻውን ሲሸከም ይቺ ወረቀት የት ነበረች?»

«ኪሴ ውስጥ።»

«ኪስሽ ውስጥ» አሉ ቀስ ብለው። «አባትሽ እራቱን ሳይበላ የሚያድርበት ቀን ነበረው፤ ታውቂያለሽ። ሌባ የፈታ ቀን አይደለም፣ ምስክር የዋሸበትም አይደለም። የሚያውቅ ሰው ዝም ያለበት ቀን ነው። እኔ ደግሞ ዳኛ ቤት ኖሬ፣ አንዱን ወገን ብቻ ሰምቼ ፈረድኩ።» ዓይናቸውን አነሱ። «ሾፌር ለዳኛ ልጅ ይመጥናል ወይ ብለሽ ስትፈሪ ከርመሻል። ትናንት ያልመጠነው እሱ አይደለም። አንቺ ነሽ።»

በቁጣ ቢሉት ኖሮ መልስ ባላጣች። ያሉት ግን አዝነው ነው። ጥርስ ሠሪዋ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀች። እናቷ አላባበሏትም፣ ግን አልተነሱም፤ እጃቸውን ፀጉሯ ላይ አሳርፈው እስክትጨርስ ጠበቋት።

«በይ ሂጂ» አሉ ኋላ። «የበደልሽው እሱን ነው። የኔም ይቅርታ አለ፣ ያንቺ ይቅደም።»

* * *

ሾፌሩ ሸሚዞቹን እያጠፈ ነበር። ከአልጋ፣ ከአንድ ወንበርና ከመጻሕፍት ካርቶን በቀር የሚያሰናዳው ብዙ ዕቃ የለውም። በሩ ላይ ቆማ ሲያያት እጁ ሸሚዙ ላይ ቀረ።

«ድቡሌ ምን ሆነ?» አለ።

«ጠዋት ደውዬ ነበር፣ ከማታው ይሻለዋል አሉ። ገና ነው።» ገባችና በሩን አልዘጋችም። «መልሱ እሺ ነው።»

«የምኑ?»

«የሦስት ሳምንቱ። እናትህን... እናቴን ማለቴ ነው፣ እንድታናግራት። እሺ ነው። መጀመሪያውኑ እሺ ነበር።»

ሸሚዙን አጥፎ ጨረሰ። ሻንጣው ውስጥ አስቀመጠው። «አሳፈርኩሽ ብዬ ነበር» አለ።

«አላፈርኩብህም። ፈርቼ ነው።»

«ከውጭ ለሚያየው ሰው ሁለቱም አንድ ናቸው።»

«አውቃለሁ» አለች። ቃል አልመረጠችም፣ አላሳመረችም። «ትናንት አየኸኝ። አንድ ቃል ብል ይበቃህ ነበር፣ አላልኩም። ይቅር በለኝ። ግን አንተስ ለምን ዝም አልክ? ጽፌያለሁ፣ ካርቶኑ ውስጥ ነው ማለት ትችል ነበር።»

«ያን ብል መልሱን ካፍሽ መንጠቅ ይሆንብኛል። በግድ የወጣ እሺ ምን ያደርግልኛል?» ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ውስጥ ምሬት ተሰማ። «ክፍሉ አይደለም ያንገበገበኝ። ክፍል ሞልቷል። አንገትሽን ስትደፊ ግን... እሱ አሁንም እዚህ አለ» ብሎ ደረቱን ነካ።

ቀረብ አለችና ሻንጣውን አለፍ ብላ ቆመች። «ለእማዬ ሁሉንም ነገርኳት። ወረቀቱን ሰጠኋት፣ አነበበችው።»

ሾፌሩ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። «እና ምን አሉ?»

«አንተ እንደምትበልጠኝ ነገረችኝ።»

«እንዲህስ አላሉም።»

«ከዚህ የከፋ ነው ያለችኝ።» እንባዋ መጣ፣ ሳቋም መጣ፣ የትኛው እንደቀደመ እንጃ። «እወድሃለሁ። ጽፌልህ አላውቅም። በኛ ቤት የተጻፈ ነገር አይሰረዝም ብዬ ፈራሁት። አሁን ግን እንዳይሰረዝ ነው የምፈልገው።»

ሾፌሩ እጇን ያዘ። ጥፍሯ ሥር ሁልጊዜ የማይለቅ ነጭ ጀሶ አለ፤ በአውራ ጣቱ እያሸ ብዙ ቆየ። «ዛሬውኑ ይሽረኛል አልልሽም» አላት። «ግን የትም አልሄድም።» እሷም ይህን ሰምታ ከጎኑ ተቀመጠች፣ ትከሻው ላይ ተደገፈች፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ያልወጣ ትንፋሽ ወጣላት።

* * *

ሐኪሟ የደወለችው ከሰዓት በኋላ ነው። ድቡሌ ራሱን ችሎ ቆሟል፣ ጥቂት በልቷል፣ ስኳሩ እየተስተካከለ ነው፤ ለመጪዎቹ ቀናት አንድ አንድ ዩኒት ብቻ ይወስዳል፣ መጥታችሁ እዩት አለች። እትዬ ስልኩን ዘግተው ወደ ጓሮ ወጡ። የክፍሉ በር ክፍት ነው፤ ልጆቹ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ሲያዩዋቸው ዘለው ተነሱ።

«ቀምሷል አሉ» አሉ እትዬ፣ ማንንም ሳያዩ። «ልሄድ ነው። የምትመጡ ከሆነ ኑ።»

ክሊኒኩ መጠበቂያ ውስጥ ያለችው አግዳሚ ወንበር አንዲት ናት። እትዬ መሃል ተቀመጡ፣ ልጃቸው በግራ፣ ሾፌሩ በቀኝ፣ ያውም ጫፏ ላይ። ፊት ለፊት አንድ ሰውዬ ዶሮ በቅርጫት ይዞ ተቀምጧል። ለረጅም ጊዜ የተናገረችው ዶሮዋ ብቻ ነበረች።

«ትናንት የተናገርኩህን» አሉ እትዬ በመጨረሻ፣ ዶሮዋን እያዩ።

«ይተዉት እትዬ።»

«አልተውም። ሳላጣራ ነው ያባረርኩህ። ክፍሉ ያንተ ነው። ይቅር በለኝ።»

«እኔም ደብተሩን ረስቻለሁ። እሱ ሐሰት አይደለም።»

«አዎ፣ ረስተሃል። ልብህ ሌላ ቦታ ሆኖ ነው የረሳኸው። አንብቤዋለሁ።» ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉ። ልጃቸው ወለሉን ታያለች፤ የሾፌሩ ጆሮ ቀልቷል። «ልታናግረኝ ፈልገህ ነበር አሉ።»

ሾፌሩ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። «አዎ። ልጅዎን እወዳታለሁ። ከባለጸጋ ቤት አልመጣሁም፣ ዲግሪም የለኝም። ያለኝ ሥራዬ ነው፣ እሱንም በደንብ እሠራዋለሁ።»

«እንግዲህ እውነቱን ልንገርህ» አሉ። «እሺ አላልኩም፣ እምቢም አላልኩም። ትልቅ ሰው ነኝ፣ ነገር ቶሎ አይዋሐደኝም። ጊዜ ስጡኝ።»

«እሺ እትዬ» አለ።

ልጃቸው እጃቸውን ያዘች። እትዬ አላስለቀቁም። እምቢ ይላሉ ከሚል ፍርሃት ጋር ብዙ ኖራለችና፣ «ጊዜ ስጡኝ» የሚለው ቃል ራሱ ለሷ ብዙ ነበር።

የውስጡ በር ተከፈተና የክሊኒኩ ረዳት ብቅ አለች። በእጇ የያዘችውን ካርድ አየች። «የድቡሌ ቤተሰብ?»

እትዬ ተነሱ። ልጃቸው ተነሳች። ሾፌሩ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በነበረበት ቀረ፤ የተጠሩት እነሱ ናቸው፣ እሱ እዚህ ሆኖ ይጠብቃል። ጥርስ ሠሪዋ ልትጠራው አፏን ከፈተች።

እናቷ ቀደሟት። በሩ ጋ ደርሰው ነበር፣ ዞር አሉና በዚያ በዳኛ ቤት ድምፃቸው፣ «ተነስ እንጂ ልጄ» አሉት። «የጠሩት እኮ ቤተሰቡን ነው።»

ሾፌሩ ተነሳ፣ ባርኔጣው ከጉልበቱ ወደቀ፣ ሳያነሳው ተከተላቸው። ጥርስ ሠሪዋ ጎንበስ ብላ አነሳችለት። ቀና ስትል እንባዋ ዓይኗን ሞልቶት በሩ የት እንዳለ ጠፋት፤ የእናቷን ድምፅ ተከትላ ገባች።